ሳልሰናበት ከወጣሁ አሥራ ሰባት ዓመት

ውድ የኔታ ገዳሙ፣

ዓይንዎ እንደ ደከመ የቅኔ ቤት ጓደኛዬ አምደሚካኤል ነግሮኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከተማሪዎችዎ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ ሌሎቹም ይስሙት። ያጠፋሁት በተማሪ ፊት ነውና።

እንዳላማው ነኝ። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ባለ ሁለት ቤት ቅኔዬን፣ ጉባኤ ቃናዬን ነገርኩዎት። «መጨረሻው ይጎድላል» አሉኝ። «የጎደለስ የእርስዎ ጆሮ ነው» አልኩ። የተማሪው ጉባኤ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እርስዎ ግን አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ ውጣና ተረጋግተህ ተመለስ» ብቻ አሉኝ። አኩፋዳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። የኔታውን ሳይሰናበት የሄደ ተማሪ ምርቃት የለውም፤ እኔም ያለ ምርቃት ኖርኩ። የባሰው ደግሞ፣ ጉንደ ወይን ሳልደርስ ቅኔውን በልቤ ስደግመው በእርግጥም ጎድሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ያስቀረኝ ንዴት ሳይሆን እፍረት ነው።

አስኳላ ገባሁ፣ ፊዚክስ ተማርኩ፤ አሁን ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ። በመካከሉ ባሕር ማዶ አራት ዓመት የሠራሁትን ቢሰሙ ይስቁ ይሆናል፦ አተም ማሰር። አተም ነገር ሁሉ የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው። የተያዘበት ዕቃ ግድግዳ ከነካው ሙቀቱ ያባርረዋል። ስለዚህ እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት የሚያስተላልፍ፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚባል ነገር እናዘጋጃለን፤ በእሱ የማግኔት ኃይል አተሞቹን ሳንነካቸው፣ አየር በሌለበት አንጠልጥለን እንይዛለን። ሲረጉ እንደረድራቸዋለን፤ ሂሳብ ያቃተውን የሌላ ቁስ ጠባይ እነሱ አስመስለው ያሳዩናል።

እንዲረጉ ግን በጣም የሞቁትን ማስወጣት ግድ ነው። እነሱ ሲወጡ የቀሩት ይበርዳሉ፤ ትኩስ አጥሚት በእንፋሎቱ እንደሚበርደው ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ጉባኤው ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ለምን እንዳስወጡኝም ገባኝ። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፦ እኛ የምናስወጣውን አተም ተመለስ አንለውም።

ባለፈው ሳምንት አምደሚካኤል ገበያ አግኝቶኝ፣ «የኔታ አሁንም ‹ያ የወጣው ልጅ መጣ?› እያሉ ይጠይቃሉ» አለኝ። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ። ያን ጉባኤ ቃና አርሜዋለሁ፤ በተማሪዎቹ ፊት እነግርዎታለሁ። ከሞላ፣ እንደ ወጉ መርቀው ያሰናብቱኝ። አሁንም ከጎደለ ግን እንደገና ያስወጡኝ፤ በዚህ ጊዜ ከደጁ አልርቅም።

ውጭ የዘገየው ተማሪዎ፣
እንዳላማው