ቃሪያን አገናኙኝ ያልሽ ቀን

ለምወድሽ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የአባወራሽ የጋሼ ክንድ እንዴት ሆነ? ልጆቹ፣ አማትሽ፣ ያቺ ሰው የምታባርር ዶሮሽ ሳትቀር እንዴት ናችሁ? እኔ ክብር ለፈጣሪ ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆትና ከጉንጬ ሕመም በቀር ምንም አልሆንኩም። ጉንጭ ደግሞ በምን ይታመማል እንዳትይ፤ በመሳቅ ነው።

ስልክ ብደውል ብደውል አላነሳ ስላልሽኝ ነው በወረቀት የመጣሁት። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ጋሼ ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ ብለሽ እያለቀስሽ ስትነግሪኝ «ስለገጠመዎት ሁኔታ ከልብ እናዝናለን፤ ሌላ የምንረዳዎት ነገር ይኖራል?» ያልኩሽን እስክሞት አልረሳውም። አንቺም «እኔ ሆቴል አልደወልኩም፤ ቃሪያን አገናኙኝ!» ብለሽ ጠረቀምሽው። እውነትሽን ነው። ያቺ በትንሽ በትልቁ ቱግ የምትለዋ፣ ለቁጣዋ ቃሪያ ብላችሁ ስም ያወጣችሁላት እህትሽ የት እንደገባች እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

እስቲ አንቺው ፍረጂኝ። እኛ ሆቴል ከወጥ ቤት ወደ ምግብ አዳራሹ በሚያስወጣው በር ላይ ትልቅ መስታወት አለ። ትሪ ተሸክመሽ ስትመጪ መጀመሪያ የምታዪው ራስሽን ነው፤ ከላዩ «ይህን ፊት ለእንግዳ ታቀርቢዋለሽ?» ተብሎ ተጽፎበታል። የላይኛው ጥርስ በሙሉ ካልታየ በሩን መግፋት ክልክል ነው። እንግዳው «ፊትሽ አስጠላኝ» ቢልሽ መልሱ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ነው። አንዱማ ሻይ ሲደፋብኝ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ! እንዲህ ስል ከርሜ ፈገግታው ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረልሽ። በቀደም አውቶቡስ ውስጥ እግሬን የረገጠኝን ሰውዬ «እንኳን ደህና መጡ» ብለው ደንግጦ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወረደ።

አንቺ ስልኩን በዘጋሽብኝ ማግስት የአስተናጋጆች ኃላፊ ለመሆን ፈተና ነበረኝ። ይህን ቦታ እንዴት እንደተመኘሁት ታውቂያለሽ። እኛ ዘንድ ረጅም ፈቃድ የሚሰጠው ለኃላፊ ብቻ ነው፤ መጥቼ እናንተን ማየት የምችለው በእሱ ነበር። ተወዳዳሪዬ ማሩ የምንለው አስተናጋጅ ነው፤ ትኩስ ሾርባ እጁ ላይ ቢፈስ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብሎ ሾርባዋን የሚያጽናና ፍጡር ነው።

ፈታኞቹ ሥራ አስኪያጁና የሆቴሉ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ባዶ ሳህንና ማንኪያ ፊቱ አስቀመጠና «እኔ የተቆጣ እንግዳ ነኝ፤ እስቲ አብርጂኝ» አለኝ። ከዚያ «ሾርባው ቀዝቅዟል!» ብሎ ጮኸ። ይቅርታ አልኩ። «ዝንብ አለበት!» አለ። ይቅርታ አልኩ። አንቺን ያሳጣኝ፣ እስከዚህ ድረስ ጥርሴ በሙሉ እንደታየ ነበር። ቀጥሎ ጣቱን አጩኾ «አንቺ! ነይ ወዲህ!» ሲለኝ ግን፣ ያንቺ ኩርፊያ ቀድሞ ሆዴን ሲበላው ስላደረ፣ አንድ ነገር ተነስቶ አናቴ ላይ ወጣ።

«ስማ አንተ ሰውዬ!» አልኩት። «ሾርባው የቀዘቀዘው ስልክህን ስትነካካ ስለቆየህ ነው! ዝንቧም የወደቀችው ጩኸትህ አደንዝዟት ነው! ደግሞ እኔ ውሻ ነኝ ጣት የሚጮህልኝ?» ሌላም ብዙ አልኩ፤ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የዋጥኩትን ሁሉ ለእሱ ብቻ አቀረብኩለት። ስጨርስ ሥራ አስኪያጁ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አነሳና «እሺ፣ እሺ፣ እበላዋለሁ» አለ። ባዶውን ሳህን እኮ ነው! ሴትዮዋ በሳቅ ፈርሰው መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ወደቀ።

ቦታው ለማሩ ተሰጠ። አልዋሽሽም፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ አስጠሩኝ። መባረሬ ነው ብዬ ቁም ሳጥኔን ባዶ አድርጌ፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ገባሁ። እሳቸው ግን «አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች የተቆጣ እንግዳ የሚያዩት ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ያዩ ዕለት ይጠፋሉ። ከዛሬ ጀምሮ የምታሠለጥኛቸው አንቺ ነሽ። ቁጭ ብለሽ ተቆጪልኝ» አሉኝ። ፈቃዱም እንደ ኃላፊዎቹ ነው አሉ። ይኸውልሽ፣ «በዚህ አመልሽ ማን ሊያስጠጋሽ ነው?» ስትይኝ የኖርሽው እህትሽ ለመቆጣት ደመወዝ የሚከፈላት ሰው ሆንኩልሽ!

የመጀመሪያው ቀን ውሃው ረጥቧል ብዬ መለስኩ። ወንበሩ አፍጥጦ ያየኛል ብዬ አስቀየርኩ። የአንዷ ሠልጣኝ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ግን አላስቻለኝም፤ ጨዋታውን ትቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ዩኒፎርምሽን ስታወልቂ ፈገግታውንም እዚያው ሚስማሩ ላይ ስቀይው፣ ይዘሽው ቤት አትግቢ፣ የቤት ሰው ያስቀይማል አልኳት። ማን እንዳስተማረኝ አልነገርኳትም።

እንግዲህ ያን ቀን ልልሽ ይገባኝ የነበረውን አሁን ልበልሽ። ለመሆኑ ጋሼ ምን ሊሠራ ነው መሰላል ላይ የወጣው? በዚያ ቦርጩ! ጣራ የሚጠግን ሰው ጠፋ? አንቺስ ቆመሽ ታዪዋለሽ? መሰላሉን መያዝ አቅቶሽ ነው? ኧረ በሕግ አምላክ! አንድ ነገር ቢሆንብሽስ ኖሮ? እኔ እዚህ ትሪ ተሸክሜ ስስቅ፣ አንቺ እዚያ ብቻሽን ስታለቅሺ፣ ማን ሊይዝሽ ነበር? ተናድጃለሁ እሺ! በጣም ነው የተናደድኩት፤ እያለቀስኩ ነው የምጽፍልሽ።

እሑድ እደውላለሁ፤ በሞቴ አንሺው። «ምን ልርዳዎት?» ካልኩሽ መልሰሽ ጠርቅሚው።

ጋሼን ክንዱን ሳትነኪ ሳሚልኝ፤ ቁጣውን ግን አንድም ሳታስቀሪ አንብቢለት። ለአማትሽ እጅ ነስቻለሁ። ጎረምሳው ልጅሽን፣ መሰላሉን ከአባቱ ይደብቅልኝ በይው። ዶሮዋም እንዳመሏ ታባርር፣ ተዋት። ትንሿን ልጅሽን ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስታኮርፍ ደግሞ «ሳቂ፣ ሳቂ» እያላችሁ አታስቸግሯት።

አገናኙኝ ያልሻት፣
ቃሪያሽ

ከሆቴሉ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል
ሚያዝያ ፲፪ ቀን