ከውጭ በሩ ቆሜ ያነሳሁህ ፎቶ

ታዴዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ። ድሬ እንደተውካት ናት፤ ሙቀቱም ያው ነው፣ የደቻቱ ወንዝም ሞልቶ ሰዉን ድልድዩ ላይ አቁሞት ነበር። ፎቶ ቤትህን ዘጋነው። ልጅህ ሜሮን ያንን ፏፏቴ የተሳለበትን መጋረጃ አውርዳ ሳሎን ውስጥ ጠቅልላ አቆመችው። ቦታ ያዘ፣ ጣይው ብላት እምቢ አለች። እኔም ደግሜ አልተናገርኳት።

አሁንም ሰው ያነሳውን ፎቶ ሊያሳይህ ስልኩን ይዞ ይመጣል። በሩ ተዘግቶ ሲያይ ትንሽ ቆሞ ይመለሳል። ሲያሳዩህ እንዴት እንደምትሆን መቼም አይጠፋኝም። መነጽርህን ወደ አፍንጫህ ጫፍ ታወርድና ስልኩን ክንድህ እስከሚችለው ታርቀዋለህ። መጀመሪያ ያማረውን ትፈልግለታለህ፤ ምንም ባይኖረው እንኳ አታጣለትም። ቀጥለህ ምን ልታሳየኝ ፈልገህ ነበር ትለዋለህ። ከዚያ አንዲት ጥፋት ብቻ። ባንድ ቀን ሁለት ጥፋት የተነገረው ሰው ዳግመኛ ካሜራ አይነካም ትል ነበር።

ጎረቤታችን ሃዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው፣ የፍየሏን ፎቶ ያመጣች ቀን እኔን ሳቅ ሊገድለኝ ነበር። ፍየሉ ጭንቅላት የለውም። አንተ በዓይንህ ተቆጣኸኝና ጸጉሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ሸጋ ነው አልካት። ምን ልታሳዪኝ ፈልገሽ ነበር ስትላት ግን፣ ቀንዱን ወላሂ፣ አለች። ያኔ አንተም አልቻልክም፤ ሦስታችንም ሳቅን። በማግስቱ ቀንዱን ከነፍየሉ ይዛ መጣች።

የእኔ ጥፋት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ መራቅ። ቅረቢ፣ ሁለት እርምጃ ቅረቢ እንዳልከኝ ኖርክ።

ከታመምክ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼልህ ተቀምጠህ፣ እስኪ አንሺኝ አልከኝ። የከተማውን ሰው ስታነሳ ኖረህ፣ ከወጣትነትህ ወዲህ አንተን ያነሳህ የለም። ስልኬን ይዤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስል ውጭ በሩ ጋ ደረስኩ። ጉንጭህ መግባቱን፣ የሸሚዝህ አንገት እንዴት እንደሰፋህ ከቅርብ ማየት ፈራሁ። ከዚያው ሆኜ አነሳሁህ። አየኸውና ብርሃኑን አግኝተሽዋል አልክ። ምን ልታሳዪኝ ፈልገሽ ነበር ስትለኝ፣ አጥሩ ላይ ያለውን አበባ አልኩህ። ዋሸሁህ። አንተም ጥፋቴን ሳትነግረኝ ስልኩን መለስክልኝ። ያን ቀን ብቻ ነው ያልነገርከኝ። አውቀህ ነው አይደል?

ያረፍክ ቀን ለድንኳኑ ፎቶ አምጡ ተባልን። ሜሮን ያልፈተሸችው መሳቢያ የለም። የተገኘው የሠርጋችንና የመታወቂያህ ጉርድ ነው፤ በሁለቱም ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነህ። እኔ የማውቀው አባቴ ይህ አይደለም ብላ አለቀሰች። ያችኑ እኔ ከውጭ በሩ ያነሳኋትን ፎቶ አሳድገው አተሟት። ፊትህ ሟሟ፤ አበባው ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ። ለቀስተኛው እየተጠጋ ታዴ የቱ ጋ ነው ያለው ሲል ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ትናንት ሃዋ መጣችና ታዴ ከሌለ አንቺ እይልኝ ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ያንተን መነጽር አደረግሁ። ለእኔ ዓይን አይሆንም፣ ግን አደረግሁት። እናቷ ናቸው፤ ታመው ተኝተዋል። ከበሩ ሆና ነው ያነሳቻቸው። አንሶላው እንዴት ጸድቷል አልኳት። ምን ልታሳዪኝ ፈልገሽ ነበር ስላት ሻሿን ማስተካከል ያዘች። እኔም አላስጨነቅኳትም። ቅረቢ ሃዋ፣ ዛሬውኑ ሂጂና ቅረቢ አልኳት። አቦ አንቺ ደግሞ ብላ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ወዲያው ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ፎቶህ ሳሎን ተሰቅሏል፤ አላወርደውም። ከግራ ዓይንህ ሥር ያለችውን ነጥብ፣ ልትስቅ ስትል ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብለውን ከንፈርህን፣ ፎቶው ያልያዘውን ሁሉ ለሜሮን እነግራታለሁ። እንዳትረሺ እላታለሁ፤ ለራሴ ነው የምናገረው። እኔ በሕይወት እስካለሁ አትጠፋም።

ለጠየቅከኝም ልመልስልህ። አበባውን አልነበረም ታዴዬ። አንተን ነበር።

ያንተው አልማዝ