መኪናው ይሰፋል ወይ?

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ፣ አልጋሽን ሳላስፈቅድ ለወረስኩብሽ እታለሜ፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሽልኛል? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ኪራይ እየከፈለ አብሮሽ ይኖራል? አብራሽ የምትኖረው ልጅ ማንኮራፋቷን ቀነሰች ወይስ አንቺ ለመድሽው? ሆስፒታሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆም እግርሽን አላሳበጠውም? እማዬ "ትበላለች ወይ ብለሽ ጠይቂያት" ስላለች ጠይቄሻለሁ፤ "እበላለሁ ብትልሽ እንዳታምኛት" ስላለችም አላምንሽም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው፣ ኩራቱ ብቻ ትንሽ ያነክሳል። እማ ትልቋም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው የተወውን ሥራ ሁሉ ምላሳቸው ተረክቦታል። እኔም ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ላይ የመኪና ወንበር ማኅተም ከመታተሙ በቀር። የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው።

አዎን፣ መኪና ገዛን። አትጩኺ፣ በሽተኛ ትቀሰቅሻለሽ። እስከ ዛሬ በእኛ ቤት መኪና ማለት የአባዬ የስፌት መኪና ነበር፤ አሁን ግን ጎማ ያለው መጥቷል።

ነገሩ የጀመረው በአያታችን ነው። ዳገታችንን ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ክረምት ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ብቻ ስለተወልን፣ ታክሲው ሁሉ ግርጌው ድረስ ይመጣና ሽቅብ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ይመለሳል። የእማ ትልቋ ጉልበት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት አልወርድም ብሎ አምጿል። ታናሽ እህታቸው እማ ትንሿ ከሸለቆው ማዶ ናቸው፣ ከመስኮታችን ጣሪያቸው ይታያል፤ እሳቸውም ከደጃፋቸው አይርቁም። ስለዚህ ሁለቱ በስልክ ይጣላሉ። "አንቺ ነይ!" "ታላቅ ወደ ታናሽ አይሄድም፣ አንቺ ነይ!" ሲባባሉ ሒሳቡ ያልቅና ይዘጋባቸዋል። አንድ ቀን እማ ትልቋ ስልኩን አስቀምጠው ማዶ ማዶውን እያዩ፣ "እንግዲህ የምንገናኘው አንዳችን ስንሞት ነው፤ እሱም ታክሲው እሺ ካለ" አሉ። እኔ ሳቅሁ። አባዬ ግን የስፌት መኪናውን አቆመ።

በማግስቱ ከእማዬ ጋር መኪና ፍለጋ ወጣ። በአንድ ደላላ በኩል ሁለት አገኘ። አንደኛው ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ሳሎን የመሰለ ነው፤ እማዬ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣበት አልወርድም አለች። ግን ሆዱ መሬት ይልሳል፣ የእኛን ድንጋይ ገና ከሩቅ ሲያየው የሚንበረከክ ዓይነት። ሁለተኛው አጭር፣ ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የሚቧጥጥ፣ ትርፍ ጎማውን እንደ ሕፃን ጀርባው ላይ ያዘለ ቁጡ ነገር ነው። ቁልፉ ስላልነበረ ውስጡን ሳያይ፣ አባዬ አንዴ ዞረውና "ይሄ ዳገት አይፈራም" አለ። እማዬ ደግሞ ከሩቅ ሆና "ይሄ መኪና ነው ወይስ የመኪና ጫማ?" አለች። ጭቅጭቁ ሁሉ ይሄው ነበር፤ ሰፊው አይወጣም፣ የሚወጣው አይሰፋም።

አባዬ መቼም ሳይለኩ የሚቆርጡ ሰዎችን እንደሚንቅ ታውቂያለሽ። ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ለደላላው በስልክ መልእክት ጻፈለት፤ "መኪናው ይሰፋል ወይ?" ብሎ። ደላላው ከፍራሽ እስከ በር እጀታ የማይሸጠው የለም፤ በዚያው ሰሞን ሱቁ ውስጥ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ተቀምጦ ነበር። ልብስ ሰፊ "መኪናው ይሰፋል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ስለ ሌላ ምን ሊጠይቅ ይችላል? መልሱ ወዲያው መጣ፤ "እንዴታ ጋሼ፣ አሳምሮ ይሰፋል! ወፍራሙንም ቀጭኑንም አንድ ላይ ይወስዳል!" አባዬ ምሳ ላይ ቆሞ አነበበልን። "ወፍራሙንም" ሲል ለምን ወደ እማዬ እንዳየ አላውቅም፤ እሷ ግን አውቃለች። ከሰዓት በኋላ ቀብዱ ተሰጠ።

መኪናው ደጃችን ሲመጣ እማዬ አንዴ ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው፣ ከዚያ "የኋላዎቹ በሮች የት ተረሱ?" አለች። በጎንና በጎን አንዳንድ በር ብቻ ነው ያለው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊተኛው ወንበር ታጥፎለት በዚያ መሹለክ አለበት። አባዬ ስልኩን አውጥቶ "አሳምሮ ይሰፋል ብለኸኝ የለም እንዴ?" ብሎ ደላላውን ያዘው። ደላላው አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ከዚያ አጥራችንን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ የስፌት መኪናውን መስሎኝ!"

አባታችን ተሳሳትኩ ከሚል መርፌ ቢውጥ ይመርጣል። ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ የኋላውን ወንበር ለካ፤ ቀጥሎ እኔን ለካ። እማዬ "በደላላ ፊት ዳሌዬን ልትለካ?" ብላ ስትሸሽ "የአንቺንስ በቃሌ አውቀዋለሁ" አላት፤ ይህም አልጠቀመውም። ደመረ፣ ቀነሰና "ይበቃል፤ እንዲያውም የጣት ትርፍ አለው" ብሎ ፈረደ። ገብተን ተቀመጥን። እታለም፣ የጣት ትርፉ የለም፤ ጣት የሚገባበትም የለም። ለካ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሰው የሚለካው አቁሞ ነው! እማዬ ጉንጯ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ "ሰው ሲቀመጥም ይሰፋል" አለችው።

ደላላው አዘነልን መሰለኝ፣ "እስከ እሑድ ሞክሩት፤ ካልሆነ መልሱትና ረጅሙን ውሰዱ" አለ። እማዬ ፊቷ በራ። እማ ትልቋ ግን ከመስኮት ብቅ ብለው "ረጅሙ ይህን ቁልቁለት ይወርዳል?" ብለው ጠየቁ። "መውረዱንስ ይወርዳል እማማ፣ መመለሱ ነው እንጂ" አላቸው። "እንግዲያስ ነገ በዚሁ እህቴ ጋ ውሰዱኝ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን አድርጉ" አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት እማ ትልቋ እኛ ሳንነሳ ለብሰው ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መቼም እኛ ጨዋዎች ነን፣ ታላቅ ይቅደም ብለን ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸን። አባዬ ደንበኛ አቁሞ የሱሪ እግር የሚለካበትን በርጩማ አምጥቶ ደግፎ አወጣቸው፤ እሳቸውም ፊት ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተሰየሙ። ቀበቶው ታሰረ። ያኔ ነው ሁላችንም የተያየነው። ከኋላ ለመግባት የእሳቸው ወንበር መታጠፍ አለበታ! "ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ግቡ እንጂ!" አሉ። እማዬ ለአማቷ ክብር ብላ ትንፍሽ አላለችም፤ እኔ ነኝ ደፍሬ "እማ ትልቋ፣ በሩ እኮ እርስዎ ነዎት" ያልኳቸው። "እስከ ዛሬ የቤቱ ምሰሶ ነሽ ስባል ኖሬ ዛሬ ደግሞ በር ሆንኩ?" ብለው ቀበቶውን አጥብቀው ያዙ።

ስለዚህ በዕቃ መጫኛው በኩል ገባን። እኔ ዘንቢሉን ተሻግሬ በጭንቅላቴ ተወረወርኩ። ቀጥላ እማዬ፤ አዎ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስታልፍ ዝንብ እንኳን የሚሰለፍላት ምክትል ርዕሰ መምህርቷ። ወገቧ ድረስ ገብታ እግሯ ውጭ እንደቀረ ሁለት ተማሪዎቿ በዚያ አለፉ። "ደህና አደሩ ቲቸር!" አሉ። እንዴት በእግሯ ብቻ እንዳወቋት እስካሁን ታጣራለች።

መንገዱን አልነግርሽም፣ ምክንያቱም ያየሁት የራሴን ጉልበት ብቻ ነው። እንደ ሸሚዝ ታጥፌ ነበር። አባዬ በየድንጋዩ "ተመቻችሁ?" ይላል፤ እማዬ "በየተራ እንተንፍስ" ትለኛለች። ግን እውነት እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ አጭር ነገር ታክሲ የሚሸሸውን ገደል እንደ ፍየል ነው የወረደው። እማ ትልቋ መስኮቱን ከፍተው ላዩት ሁሉ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ላለው የመብራት ምሰሶ እንኳን ሰላምታ ሰጡ። ታች ስንደርስ ቀስ ብለው "ለካ ሰፈሩ አለ" አሉ። ያኔ እኔና እማዬ ሁለታችንም መተንፈሱን ረሳነው።

እማ ትንሿ "ትንሿ" የሚባሉት በዕድሜ እንጂ በወርድ እንዳልሆነ አትረሺም መቼም። እማ ትልቋ እንደ ክር ናቸው፣ እማ ትንሿ ደግሞ እንደ ጥቅሉ። ደጃፋቸው ላይ ቆመው መኪናው ሲቆም መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። "አየሽ፣ አንቺው መጣሽ!" አሉ፤ አሸነፍኩ ማለታቸው ነው። እማ ትልቋም "የመጣሁት ልጄ መኪና ገዝቶ ላሳይሽ እንጂ አንቺን ብዬ አይደለም" አሉ። ከዚያ ተቃቀፉና ማናቸው ምርኩዙን እንደጣሉ አላየሁም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ቀኑን ሙሉ ማን እንደከሳ ሲከራከሩ ዋሉ።

ልንመለስ ስንነሳ እማ ትንሿ ጓዳ ገብተው ቦርሳ ይዘው ወጡ። "እኔም እመጣለሁ" አሉ። ሁላችንም ወደ መኪናው አየን። አባዬ ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፣ እማ ትንሿን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ብቻ ለካ፣ ከዚያ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "ይሰፋል" አለ። በእኛ ቤት ዓይን ሁሉ ወደ ታናሽ ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። አልጠበቅኩም፤ "እኔ በአውቶቡስ" አልኩ። ግን ያም አልበቃም፤ እማ ትንሿ በዚያ ቀዳዳ ወደ ኋላ አይሾልኩም። ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ እማ ትልቋ፣ ያ ሁሉ ክብራቸው፣ "ወንበሩን እጠፉልኝ" አሉ። ሹልክ ብለው ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ከኋላ ገቡና "አንቺ ፊት ተቀመጪ" አሏቸው። ታላቅ ለታናሽ! ሲሄዱ በኋላው መስታወት አየኋቸው፤ እማ ትልቋ ከኋላ እጃቸውን ሰደው የእህታቸውን ትከሻ ይዘዋል። ወፍራሙንም ቀጭኑንም አንድ ላይ ወሰደ፤ ደላላው አልዋሸም።

በአውቶቡስ መጥቼ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ስደርስ የወረስኩት አልጋሽ ተወርሷል። የእኔም እንዲሁ። ዛሬ እሑድ ደላላው ደውሎ "እንዴት ሆነ፣ ጠበባችሁ?" ሲል እማ ትልቋ ስልኩን ከአባዬ እጅ ነጥቀው "መኪናው አልጠበበም ልጄ፣ ሰው ነው የበዛው" ብለው ዘጉበት። እማዬ ስለ ረጅሙ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ስፖንጅ የተጨመረበት የወንበር ልብስ ከተሰፋ ግን በእግሬ እሄዳለሁ ብላለች።

አሁን አባዬ ስስ ጨርቅ መርጦ የወንበሩን ልብስ እየሰፋ ነው። ለዕረፍት ስትመጪ አንቺ የት እንደምትቀመጪ ጠየቅኩት። ካጎነበሰበት ቀና ሳይል "ይሰፋል" አለኝ። የትኛውን ይሰፋል ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እማዬ ሰላም ትልሻለች፣ ብይ ትላለች። እማ ትልቋ ግንባርሽን ይስሙሻል፤ ስትመጪ ጭናቸው ላይ እንደምትቀመጪ ወስነዋል፣ ጭናቸውን ግን አልጠየቁትም። እማ ትንሿም ሰላም ይሉሻል፣ መቼ እንደሚመለሱ ለመጠየቅ ማንም የደፈረ የለም። ለዚያች ለምታንኮራፋዋ ልጅም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በሁለት አሮጊቶች መሃል ወለል ላይ የተኛሁ ጊዜ አሰብኳት። አባዬ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሻል፤ ልክሽንም ቶሎ ላኪ ብሏል። ቆመሽ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ ተለኪ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከዳገቱ አናት፣ ከልብስ ስፌቱ ክፍል ጥግ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ