የአሚሩን መርዝ የቀመስኩ ዕለት

ለተከበሩት አባቴ፣ ደጋን።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባቴ ጌታዬ፣ ስልኬን ስለማያነሱልኝ ሰላምታዬን በወረቀት ላክሁ፤ ሙሐመድአወል በመተማ በኩል ወደ አገር ሲገባ ያደርስልኛል። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ቁርጥማት ጉልበትዎን ለቀቀልዎ ወይስ ዛሬም ሶላት ላይ ያስቸግርዎታል? እናቴስ? ዝናቡ ጣል ጣል አለ? ማሽላው ተዘራ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የካርቱም ሙቀት ብቻ ዘንድሮ ሰው ሊያበስል ደርሷል።

ሬሕማ እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ፣ አንድ ቃል እንዳትዘልዪ። የሚያሳፍርሽ ቦታ ላይ ብትደርሺም እያፈርሽ አንብቢው።

አባቴ፣ ከዒድ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም። እዚህ አብራኝ የነበረችው ኒዕማ አገር ስትገባ፣ “ዛሂራ በቴሌቪዥን ወንዶች መሀል ቆማ ቀይ መጠጥ ስትጠጣ ሱዳን በሙሉ አይቷታል” ብላ እንደነገረችዎ ሰምቻለሁ። ሐሙስ ከዐስር በኋላ ለልጆችዎ ዱዓ ሲያደርጉ የእኔን ስም መዝለል እንደጀመሩም ሰምቻለሁ። ኒዕማ አልዋሸችም፤ ግማሹን ነው የተናገረችው። ሙሉውን ልንገርዎና ከዚያ ይፍረዱ።

እዚህ አገር በረመዷን ሰው ካፈጠረ በኋላ ቴሌቪዥን ፊት ነው የሚቀመጠው። ዘንድሮ ሁሉም ያየው በድሮ ሱልጣኖች ዘመን ስለነበረ፣ አሚር ዘይኑ ስለሚባል ትልቅ ሹም የተሠራ አስቂኝ ድራማ ነው። ዘይኑ የሱልጣኑን ወንበር ይመኛል። በየቀኑ ተንኮል ይጎነጉናል፣ በየቀኑ ራሱ ይገባበታል። ለግምጃ ቤቱ ሹም ጉድጓድ አስቆፍሮ ከነፈረሱ እሱ ይወድቅበታል። በጠላቱ ስም የክህደት ደብዳቤ ጽፎ ከታች የራሱን ማኅተም ያትምበታል። አይቆጡኝና እርስዎም ቢያዩት ሆድዎን ይዘው ይስቁ ነበር።

ታዲያ ይህን ድራማ የቀረጹት ረመዷን ሁለት ወር ሲቀረው፣ በረጀብ፣ እኔ በምሠራበት በሐጃ አዋጢፍ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አል-ማንሺያ፣ በእኛው ዐባይ ዳር ያለ፣ አሮጌና ሰፊ ነው። መጡና ልብስ የማሰጣበትን ቦታ ምንጣፍ አነጠፉበት፣ ግድግዳ አቆሙ፣ በሁለት ቀን ቤተ መንግሥት አደረጉት። ሱብሓነላህ! ትናንት አንሶላ ያሰጣሁበት ቦታ ሱልጣን ተቀመጠበት። ግድግዳውን በጣቴ ብነካው ጨርቅ ነው፤ ራቅ ብዬ ሳየው ድንጋይ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነካሁት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዘይኑን ሆኖ የሚጫወተው ተውፊቅ የሚባለው ሰውዬ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ዓይን አፋር ነው፤ ሻይ ስሰጠው ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም፣ “አላህ ይስጥሽ ልጄ” ይለኛል። ጥምጥሙን ሲጠመጥም ግን አንገቱ ይረዝማል፣ ዓይኑ ይጠብባል፣ ድምፁ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። አንድ ቀን ከጠመጠመ በኋላ ሻይ ይዤለት ሄጄ፣ ወላሂ፣ ፈርቼ ተመለስኩ።

አንድ ጠዋት ከተማው ውስጥ በተነሳ የተቃውሞ ሰልፍ ምክንያት ድልድዮቹ ተዘጉና በድራማው ገረዷን የምትጫወተው ልጅ ከወንዙ ማዶ ከኦምዱርማን መሻገር አቃታት። አዘጋጁ አልሲር ራሱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና እኔ ላይ ዓይኑ አረፈ። ሐጃን አስፈቀደ። “ምንም አትናገሪም። ይህን ብርጭቆ ለሱልጣኑ እናት ሰጥተሽ ወደ ኋላ ትያለሽ፣ ኻላስ፣ በቃ” አለኝ። ሰፊ ቶብ አከናንበውኝ ከፀጉሬ አንዲት ዘለላ አልታየችም። ይህን ኒዕማ አልነገረችዎትም መቼም!

የዚያን ዕለት የዘይኑ ተንኮል የሱልጣኑን እናት መመረዝ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ከርከዴ ነው፣ ያ ቀይ አበባ፣ ጠዋት እኔው ያፈላሁት። ዘይኑ ከመጋረጃው ጀርባ መርዝ ብሎ ስኳር ጨመረበት። ይዤ ሄድኩ። እናትየዋን የምትጫወተው አሮጊት እጇን ዘረጋች። አባቴ፣ ያኔ የእኔ እጅ በራሱ ሄደ። ጎንበስ ብዬ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁና ቀመስኩ። ለትልቅ ሰው የሚጠጣ ነገር ሳልቀምስ እንዳልሰጥ አድርገው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? “የሚቀበልሽ ሰው ልቡ ይረፍ” እያሉ ስንቴ ከእንግዳ ፊት መልሰውኛል! ከዋጥኩት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለካ የጠጣሁት መርዝ ነው!

አለቀልኝ አልኩ። የዚህን ሁሉ ሰው ሥራ አበላሸሁ፣ ሐጃ ታባርረኛለች፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ደግሞ በእሷ ስም ነው። ምንጣፉ ላይ ዘጭ አልኩ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አልሲር ግን “ቀረጻ አቁሙ” አላለም። ዘይኑ ፊቱ ዐመድ መስሎ እየሮጠ መጣ። ያን የሚያህል አሚር ገረድ ፊት ተንበረከከ! “አትሙቺ! ዛሬ ብቻ አትሙቺ!” እያለ በጥምጥሙ ጫፍ ያራግብልኝ ጀመር። አሮጊቷ “ለምን ትሞታለች?” አለችው። ተንኮሉ ሁሉ እዚያው ተገለጠበት። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ሁለቱም በዚያችው ደቂቃ ከልባቸው ያወጡት ነው። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳቁን አፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል። ተውፊቅ አፉ በዘይኑ ድምፅ እየለፈለፈ፣ በዓይኑ ግን እኔን “አይዞሽ” ይለኛል። አንድ ፊት ላይ ተንኮለኛውንም ደጉንም ሰው አብሬ አየሁ። አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። አላህ ለሰው ልጅ የሰጠው ችሎታ መጨረሻው የት ነው? እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ይህ ክፍል በረመዷን ዐሥራ ሁለተኛው ቀን በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ካላክላ ልሄድ ሐፍላ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ስሳፈር ሾፌሩ ዞሮ አየኝና “የቀመሰችው!” ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ደግሞ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት እጄን ይዛ፣ “ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?” አለችኝ። “አባቴ” አልኳት። ሽንኩርቷን ትታ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችልዎ፣ ስምዎን ጠይቃኝ፣ በስምዎ። መሀል ገበያ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን አልሲር ለመጪው ረመዷን ቀማሿ ገረድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትኑር ብሏል። ሐጃ ፈቅዳለች። እስከ ዐረፋ መልስ ስጪ ሲሉኝ አባቴ ሳይፈቅድ አይሆንም ብያለሁ። እርስዎ “ተዪው” ካሉኝ እተወዋለሁ፤ ቅር ይለኛል እንጂ አላኮርፍም። ሳላማክርዎ ካሜራ ፊት በመቆሜ ይቅር ይበሉኝ። ስለ መቅመሴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ያን ከእርስዎ ነው የወሰድኩት። መልስዎ እሺም ይሁን እምቢ፣ ሐሙስ ስሜን ይጥሩልኝ።

እናቴን እግሯን ሳሙልኝ። ወንድሜ ጂብሪልን ሥራው እንዲቃናለት እየለመንኩለት ነው በሉት። ለትንሿ አብራር ቀይ ጫማ ልኬላታለሁ፣ ካልበቃት አታልቅስ፣ እቀይርላታለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ፣ ኒዕማንም ጭምር፣ ሰላም በሉልኝ።

ሬሕማ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ቀና ብለሽ ፊታቸውን እዪልኝ። ምንም ባይናገሩም ደውዪና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊው። ሲተነፍሱ ብቻ ልስማቸው።

ልጅዎ ዛሂራ
ካርቱም፣ አል-ማንሺያ
ግንቦት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.