ጆሮዋን የምታወልቀው አህያ

ጥቅምት 3
ዛሬም ትርፉ ክፍል አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ወጥ ቤቱን ፈተሽኩ... የፈሰሰ ነገር የለም። ሽታው ከሸረፈዲን የካርቱን ፊልም ቆርቆሮዎች ነው። ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ቆርቆሮ? እናቴ ደሴ ላይ ብርዱ ጉልበቷን ይዞት ታቃስታለች። የኮምቦልቻ ሙቀት ይሻላት ነበር፤ ያለን ክፍል ግን ይኸው ብቻ። ከፋብሪካ ሲገባ «አውጣልኝ» አልኩት። «የዘጠና ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ በእጅ የተሳሉ...» ጀመረ። በአንዱ ፊልም ላይ ጆሮዋን እንደ ባርኔጣ አውልቃ ሰላም የምትል አህያ አለች አሉ። ነይ እዪ ይለኛል። ማን ጊዜ አለው?

ጥቅምት 9
ሽታው ለካ የፊልም በሽታ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰብሳቢ በቴሌግራም ነገረው። ሙቀት ይገድላቸዋል፣ ብርድ ያቆያቸዋል። «እናትሽ ቤት ብናስቀምጣቸውስ?» አይለኝም! ደሜ ፈላ። የእናቴ ጉልበት ከምኑም አልተቆጠረ...
እንግዲያው ይቀያየሩ አልኩት። እሷ ትውረድ፣ እነሱ ይውጡ።

ጥቅምት 12
እናቴ እሺ አለች! እስከ ዛሬ መልሷ «የሟች አባትሽን ቤት ኦና አድርጌ አልወጣም» ነበር። አሁን «የልጄ ባል ዕቃ ካደረበት ቤቱ ባዶ አይባልም» አለች። ቆርቆሮዎቹ ነገ ይሄዳሉ። እፎይ።

ጥቅምት 17
ያ ረቢ! ልናመጣት ደሴ ወጣን። ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ የተሰጣው ምንድን ነው? በርበሬ መሰለኝ። ፊልም!
«ሸተተኝ እኮ ልጄ፣ የሻገተ መስሎኝ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።»
የአህያዋ ፊልም ነው። ተጨማዶ ቀርቷል። ሌሎቹን ገና አልከፈተችም፣ አልሐምዱሊላህ። ሸረፈዲን አማቱ ፊት ቀና ብሎ እንኳ አያወራም። «ምንም አይደል፣ እርስዎ አይጨነቁ» አለና ተንበርክኮ መሰብሰብ ጀመረ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 19
እናቴ ክፍሉ ውስጥ ናት። ጉልበቷ ሞቅ ብሎታል፣ እህል ግን አልወስድ አለች።
«ወላሂ፣ ያጠፋሁትን እንኳ አላውቀው። ፊልሙ ላይ ምን ነበረበት ሸረፉ?»
ሸረፈዲን ወጥ ቤት ገብቶ ሁለት ጭልፋ ይዞ መጣ። ጭልፋዎቹን ጆሮ አድርጎ ከራሱ ላይ አቆመ፤ ክፍሉን እንደ አህያ እየዘለለ ዞረ። አማቱ ፊት! አጠገቧ ሲደርስ ሁለቱንም አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ስንት ጊዜ ነይ እዪ ሲለኝ...
«ድገመው» አለ አንድ ሰው።
እኔ ነኝ።