አርባው ሳይወጣ የተበላ ቅጠል

ባንታያን ደሴት
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለማሪቪክ፣

እንዴት ነሽ? ኩዌት እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። በስልክ አንቺም ትጮኺያለሽ፣ እኔም እጮኻለሁ፣ ሳንደማመጥ መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ደብዳቤ አስጽፌልሻለሁ። የምትጽፍልኝ የጄሳ አስተማሪ መምህርት ዴልማ ናት። ባለፈው ሳምንት የሰደብኳት ሴት ናት። አንድም ቃል ሳታሳምሪ ጻፊው ብያታለሁ።

እሑድ ዕለት «ልጄ እህል አትቀምስም አሉ፤ ማኒላ ለባሌ እህት እሰጣታለሁ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም፤ የነገረሽ ሰው አልዋሸም። እናትሽ ኮርዲንግ ካረፈች ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ልጅሽ ጄሳ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የምትበላው ለወፍ አይበቃም ነበር። የላክሽውን ካርቶን ከፈትኩ። የቆርቆሮ ሥጋ ጠበስኩላት፣ የፓኬት ኑድል ቀቀልኩላት። እኔ ፓንታሊዮን አርባ ዓመት ባሕር ላይ የተንከራተትኩት ልጄም የልጅ ልጄም እንደ ችጋራም ከአጥር ቅጠል እየሸመጠጡ እንዳይበሉ ነው። እሷ ግን ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። በአንድ ጣት!

ይህች ዴልማ ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስባ ምግብ ታሠራቸዋለች። ቅጠላ ቅጠሉን ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ራሳቸው ይቀነጥሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ይከትፋሉ፣ ያበስላሉ፣ የሠሩትን ይበላሉ። በእኔ ዘመን ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከው ፊደል እንዲቆጥር ነበር፤ ድስት ማማሰል ቤትም አለ። ብቻ ጄሳ እዚያ ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች ስላሉኝ ዝም አልኩ።

ረቡዕ ዕለት ክዳን ያለው ሳህን ታቅፋ እየሮጠች መጣች።

«አባባ፣ ክፈተው! እኔ ነኝ የሠራሁት!»

ከፈትኩት። የማሾ ሾርባ ነው፤ የሺፈራው ዛፍ ቅጠል ገብቶበታል።

አንቺ የዚህ ደሴት ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። ሰው በሞተበት ቤት አርባው ሳይወጣ ያ ቅጠል አይበላም። ከዘንጉ ላይ አንዱ አንዱን ተከትሎ እንደሚረግፍ፣ ከቤቱም ሟች ሟችን ይጎትታል። አላመነታሁም። ወስጄ የአሳማው ገንዳ ውስጥ ደፋሁት። ጄሳ አላለቀሰችም። ባዶውን ሳህን አጥባ አስቀመጠችው። ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤትም አልበላም አለች።

ዓርብ ሄድኩ። ልጆቹ ፊት ነው የጮኽኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤቴን ቀብር በቀብር ልታደርጊው ነው? ኀዘን ላይ ላለች ልጅ ሺፈራው ታበስያለሽ?»

«አባባ፣ ይቀመጡ እስቲ። እኔ የተራራ አገር ሰው ነኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። እሷም አልነገረችኝም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ጄሳ መሬት መሬት እያየች። «ግን አያቴ ዓርብ ዓርብ የምትሠራው እንደዚህ ነው። የሷን ምግብ ፈልጌ ነው።»

እዚህ ላይ ግራ ገባኝ፣ ማሪቪክ። ለሟቿ ብለን የከለከልነው የሟቿን ምግብ ነው።

ዴልማ «እንግዲያው ለጄሳ ብቻዋን በዱባ ቅጠል እንሥራው» አለች። ሠሩት። ልጅቷ ቀመሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። «አይደለም» አለች።

አንዱ ባለጌ «ጄሳ፣ አያትሽ ራሱ ይሥራልሽ!» ሲል ሁሉም ሳቁ።

«እኔ የቀቀልኩትን አሳማም አይበላው፤ ዝም በል!» አልኩት። ባሰባቸው።

የሌሎቹ ልጆች ድስት፣ ቅጠሉ ያለበት፣ እዚያው አጠገቡ ይንፈቀፈቃል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ከዚያኛው ቅጂልኝ፣ መጀመሪያ ለእኔ» አልኩ። ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ተቀምጬ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ በላሁ። ሞት ቅጠሉን ተከትሎ የሚመጣ ከሆነ ቀድሞ የበላውን ያግኝ ብዬ ነው። ይህን ለጄሳ አልነገርኳትም። «ጨው አንሶታል» ብቻ አልኳት።

«ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ያመጣል፣ አባባ። ተምረናል» አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ! ከዚያ ሳህኗን አቀረበች። ሁለት ሳህን በላች። ሁለት። ትናንት ደግሞ እቤት ራሷ ሠራች፤ ቅጠሉን ከአጥሩ የሸመጠጥኩላት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ አልጠራልኝም። ኮርዲንግን በደልኳት ወይስ ደስ አሰኘኋት? ጎረቤቶቻችን አጥሩ ጋ ሲያዩኝ አማተቡ። ቄሱን ብጠይቀው «ቅጠል ቅጠል ነው» አለኝ፤ እሱ ግን የከተማ ሰው ነው፣ ምን ያውቃል። ዴልማ ደም ይሆናል፣ ለዓይን ይበጃል ትላለች። እንዲህ የሚበጅ ከሆነ እኔ በቆርቆሮ ሥጋ ስኮራ የኖርኩት ምን ሆኜ ነው? ጠዋት ለራሴ «ልክ ነህ» እላለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ «አንተ የተረገምክ ሽማግሌ» እላለሁ።

አንድ ነገር ግን አልጠፋኝም። ደረቴን ይወጋኛል፣ ግራ ክንዴ ይደነዝዛል። የጀመረኝ ከገና በፊት ነው፤ እናትሽ በሕይወት ሳለች፣ ቅጠሉን ሳልቀምስ። ዴልማን ይህን በትልቁ ጻፊው ብያታለሁ። አንድ ነገር ብሆን የዚህ ደሴት አፍ አያርፍም፤ «ልጅቷ በሠራችው ሾርባ ሞተ» ይሉና እሷም ታምናቸዋለች። ወረቀቱ ቀን ተጽፎበታል፤ ደህና ቦታ አስቀምጪው። ያኔ አንብቢላት።

ስለ ማኒላው፣ ልጅቷን ለባልሽ እህት አትስጪያት። የምትወሰድ ከሆነ ራስሽ መጥተሽ ውሰጃት። ለእናትሽ ቀብር እመቤትሽ አለቀቀችሽም፤ አልወቅስሽም። ለእኔም ብለሽ እንዳትቸኩዪ፣ እኔ ምንም አልሆንም። ለጄሳ ብለሽ ግን ነይ። ዝናቡ ሳይገባ ብትመጪ ጥሩ ነው።

እጄን ግንባርሽ ላይ እንዳሳረፍኩ ቁጠሪው። ጌታ ከክፉ አሠሪ ይጠብቅሽ፣ ጉልበትሽን አይውሰድብሽ፣ መንገድሽን ወደዚህ ያቅናው።

አባትሽ ፓንታሊዮን
ከታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው