ዝም የተባለበት ቁርስ

ውድ ኮርዴል፣

ስልክህን ስለማታነሳ በአጎትህ ዶሮ እርባታ አድራሻ ጻፍኩልህ። ሃርላን «ልጁን ተዪው፣ ጆሮው ይረፍበት» ይላል። ባሌን ታውቀው የለ። የቤዝቦል ክለቡ ተጫዋች ቤታችን እንድናሳድር ሲጠይቀን ደስ ያለኝ የማወራው ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር። አንተም አልጠላኸውም። «እትዬ ማቪስ፣ እርስዎ ሲያወሩ ልቤ ይረጋል» ያልከኝን እንደ ሹመት ነው የምቆጥረው።

ዓመቱን ሙሉ ጨዋታ ሊያልቅ ሲል እያስገቡ ጥቂት ኳስ ያስወረውሩህ ነበር። በመጨረሻ አሰልጣኝ ፐርሰል አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያው እንድትወረውር ፈቀደ። ከሆነልህ ከፋች፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው የሚወረውር፣ ትሆናለህ፤ ካልሆነ ትሰናበታለህ። ዋዜማውን ፐርሰል ወጥ ቤቴ ተቀምጦ የቼሪ ኬኬን እየጎረሰ እንዲህ አለኝ፦

«ስሚኝ ማቪስ፣ ልጁ ፍጥነቱስ ሞልቶታል። መቺዎቹ መጀመሪያ ሲገጥሙት እንግዳ ነው፤ ሁለተኛ ሲመጡ ጎረቤት ነው፤ ሦስተኛ ሲመለሱ ግን ጓዳውን ያውቁታል። ከፋች ማለት ያኔ የማይደነግጥ ነው። ነገ ታዲያ አፍሽን ስፊው። ጨዋታ በሚከፍትበት ቀን ወርዋሪን የሚያናግር የለም።»

«እሷ ዝም ካለች ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል» አለ ሃርላን።

ዝም አልኩ። ጠዋት እንቁላሉን ሳቀርብልህ ሹካህን አስቀመጥክ። «እትዬ ማቪስ፣ ዛሬ ወሬ የለም እንዴ?» አልከኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ወጉ ነዋ።

ሁለት ዙር መቺዎቹ አየር እየመቱ ተመለሱ። አጠገቤ የነበረችውን ሴትዮ በደስታ ጉልበቷን ስመታት አመሸሁ። ሦስተኛው ዙር ሲጀምር ተቀባዩ ሩበን በጣቱ ምልክት ዝግ ያለችዋን ኳስ ጠየቀህ፤ በልምምድ ሁሉን የምታሞኝባትን። እምቢ ብለህ ራስህን ነቀነቅክ። ደግሞ ጠየቀህ፤ ነቀነቅክ። ፈጣኗን ወረወርክ፤ መቺው ሲመታት አጥሩን አልፋ በቆሎው ውስጥ ገባች። የሚቀጥለውም ያችኑ ጠብቆ መታት።

«ሂድና ሰልፍ ጠብቅ፣ የአውቶቡስ ትኬት ሳያልቅብህ!» አለ ከኋላዬ አንዱ።

አንተ ቀና ብለህ እኔ ወደተቀመጥኩበት አየህ። እኔ ግን አፌን እንደዘጋሁ ነበርኩ። ፐርሰል የምትወረውርበት ጉብታ ላይ ወጥቶ መዳፉን ዘረጋ፤ ኳሷን አስቀመጥክለትና ከሜዳ ወጣህ። ሲነጋ አልጋህ ተነጥፏል፤ አንተ የለህም።

ፐርሰል «ክንዱ ከፋች ነው፣ ልቡ አይደለም» አለኝ። ሌላ ክለብ እንደማይጠራህ አውቃለሁ፤ ላጽናናህ ብዬ አልዋሽህም። ክፍልህን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። ቁርስ ላይ ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃ ይሰማል።

ያን ጠዋት ልነግርህ የነበረው ይሄን ነው፦ የጎረቤታችን ዝይ ሃርላንን ተከትላ ባንክ ገባች። ከኋላው ተሰለፈች። የባንኩ ሠራተኛ ደግሞ «አብራችሁ ናችሁ?» ብላ ጠየቀችው። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ያላወራችልህ፣
ማቪስ